ከ12ኛ ክፍል ማግሥት፦ የራያ ቆላ ተማሪዎችን ለሥራና ለኑሮ ማዘጋጀት

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና የአስፋልት መንገድ ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ነች። ዙሪያዋን የከበበው ሰፊ ሜዳ በጤፍና በማሽላ ምርቱ የታወቀ ሲሆን፣ ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍና የከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ ለመስኖ ልማት ይውላል። በዚህ አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚያጠናቅቅ ወጣት በጥቅሉ አራት መንገዶች ከፊቱ ይጠብቁታል። እነዚህም ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባት፣ በቴክኒክና ሙያ መሠልጠን፣ በአካባቢው ሥራ መፍጠር ወይም መቀጠር፣ እንዲሁም ቀዬን ለቆ መሰደድ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዝግጅት ይጠይቃሉ። አራተኛው ግን ምንም ዝግጅት ላልተደረገለት ወጣት ክፍት ሆኖ የሚጠብቅ መንገድ ነው።

በመሆኑም ተማሪዎችን ከትምህርት በኋላ ላለው ሕይወት ማዘጋጀት ለትምህርት ቤቶች ብቻ የሚተው ተጨማሪ ሥራ አይደለም። የትምህርት፣ የሥራና ክህሎት፣ የግብርና፣ የሴቶችና ወጣቶች እንዲሁም የፍትሕ መሥሪያ ቤቶች በጋራ ሊይዙት የሚገባ መደበኛ ተግባር ነው። የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት የቅርብ ዓመታትን የብሔራዊ ፈተና ውጤት መመልከት ይበቃል።

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 29 ሺህ 909 ወይም 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም ይኸው ቁጥር 27 ሺህ 267 ወይም 3 ነጥብ 2 በመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም 36 ሺህ 409 ተማሪዎች ወይም 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 48 ሺህ 929 ተማሪዎች ወይም 8 ነጥብ 4 በመቶ የማለፊያ ነጥቡን አግኝተዋል። በ2015 ዓ.ም ካስፈተኑት 3 ሺህ 106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1 ሺህ 328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ውጤቱ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ መሻሻል ማሳየቱ የሚበረታታ ነው። ይሁንና በተሻለው የ2017 ዓ.ም ውጤት እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ወደ ዘጠና ሁለት የሚጠጋው በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ነጥብ አላገኘም። ይህም በቁጥር ሲገለጽ ከ530 ሺህ በላይ ወጣት ማለት ነው። የትምህርት ሥርዓቱ ትኩረት ለረጅም ጊዜ በስምንቱ ላይ ያረፈ ሲሆን፣ የዘጠና ሁለቱ ዕጣ ግን በየቤተሰቡ አቅምና በአጋጣሚ ሲወሰን ቆይቷል።

የፈተናው አሰጣጥ የተለወጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2008 ዓ.ም ፈተናው አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ በሌላ መተካቱ ይታወሳል። በቀጣዮቹ ዓመታትም ኩረጃና የፈተና ስርቆት የውጤቱን ተአማኒነት ክፉኛ ጎድተውት ነበር። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መዛወሩ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ተሸፍኖ የኖረውን የጥራት ችግር አደባባይ አውጥቶታል። በመሆኑም ዝቅተኛው ውጤት የፈተናው ችግር ሳይሆን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ጉድለት መገለጫ ነው።

የማለፊያ ነጥቡን ላላገኙ ተማሪዎች የተዘረጋው አንዱ አማራጭ የማካካሻ ወይም የሬሜዲያል ፕሮግራም ነው። በዚህ ፕሮግራም የተሻለ ነጥብ ያላቸው ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ለተወሰኑ ወራት ተምረው፣ የሚሰጣቸውን ፈተና ካለፉ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት እንዲጀምሩ ይደረጋል። ሌላው አማራጭ በግል ተፈታኝነት በድጋሚ መፈተን ነው። ሁለቱም ጠቃሚ ቢሆኑም የሚያስተናግዱት የተወሰነ ቁጥር ያለውን ተማሪ ብቻ በመሆኑ ለብዙኃኑ መፍትሔ ይሆናሉ ተብሎ አይጠበቅም።

ትምህርትን ከሥራ ጋር የማገናኘቱ ጥያቄ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም ሲቋቋም፣ ከዚያም የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ዓላማው ባለሙያ ማፍራት ነበር። በንጉሡ ዘመን የተከፈቱት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ከቀለም ትምህርት ጎን ለጎን የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ፣ የንግድ ሥራ፣ የቤት አያያዝና የግብርና ትምህርት ይሰጡ እንደነበር ይታወቃል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ የተዘጋጀው «ሴክተር ሪቪው» የተሰኘው የትምህርት ማሻሻያ ጥናት ለአብዛኛው ሕፃን አጭርና ተግባር ተኮር ትምህርት እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ጥናቱ ግን በየካቲት 1966 ዓ.ም የመምህራንን ተቃውሞ ከቀሰቀሱ ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ተቃዋሚዎቹ ዕቅዱን የተመለከቱት የድኃውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት የሚያስቀር አድርገው ነበር። ይህ ታሪክ ለዛሬ ኃላፊዎችም ትምህርት ይሆናል። የሙያ ትምህርት ለወደቁ ተማሪዎች የተተወ ማረፊያ መስሎ ከቀረበ ወላጅም ተማሪም አይቀበሉትም። ወደ ከፍተኛ ደረጃ የሚያሳድግ በር የተከፈተለትና በራሱ ክብር ያለው መንገድ ሆኖ ሲቀርብ ግን ተፈላጊ ይሆናል።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪዎችን የሚለየው በ10ኛ ክፍል መጨረሻ ነበር። በብሔራዊ ፈተና ከፍተኛ ነጥብ ያመጡት ወደ መሰናዶ፣ ሌሎቹ ደግሞ 10+1፣ 10+2 እና 10+3 እየተባለ ወደሚጠራው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ይመደቡ ነበር። አሠራሩ የራሱ ጉድለቶች የነበሩበት ቢሆንም፣ አንድ ተማሪ በ16 ወይም በ17 ዓመቱ መንገዱን እንዲያውቅና የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ያስችለው ነበር።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ መቅረቱ ተማሪው ሁለት ዓመት ጨምሮ እንዲማር ዕድል ሰጥቷል። በአንጻሩ ዋናው መለያ ወደ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ተሸጋግሯል። ቀደም ሲል በሁለት ደረጃ ይከናወን የነበረው ምርጫ አሁን በአንድ ፈተና ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ይቻላል። ስለሆነም ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት በትምህርት ቤት የሚሰጠው ምክርና ዝግጅት ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አለው።

በ2015 ዓ.ም የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲና እርሱን ተከትሎ ደረጃ በደረጃ ተግባራዊ የሆነው ሥርዓተ ትምህርት ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ያለሙ ናቸው። የሙያና ቴክኒክ ትምህርት በ7ኛና 8ኛ ክፍል የተካተተ ሲሆን፣ በ11ኛና 12ኛ ክፍል ደግሞ ተማሪዎች ከግብርና፣ ከጤና፣ ከግንባታ፣ ከማኑፋክቸሪንግ፣ ከንግድ፣ ከኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና ከመሳሰሉት መስኮች ጋር እንዲተዋወቁ ታስቧል። ይሁንና ሐሳቡ ወደ ተግባር የሚለወጠው ወርክሾፕ፣ የሠርቶ ማሳያ መሬት፣ ኮምፒውተርና የሠለጠነ መምህር ሲኖር ነው። እነዚህ በሌሉበት የሙያ ትምህርት እንደ ሌላው ሁሉ ከጥቁር ሰሌዳ የሚገለበጥ ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል።

በራያ ቆላ ሁኔታውን ይበልጥ ያከበደው የጸጥታ ችግር ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም መጨረሻ የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም ክረምት ወደ ሰሜን ወሎ ተስፋፍቶ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪገታ ድረስ አካባቢው በተደጋጋሚ የውጊያ ቀጠና ሆኗል። በሰው ሕይወት ላይ ከደረሰው ከባድ ጉዳት ሌላ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ የትምህርት መሣሪያዎች ወድመዋል፤ ተማሪዎችም ከገበታቸው ተፈናቅለዋል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት ደግሞ በርካታ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና ተማሪዎች እንዲያቋርጡ ምክንያት ሆኗል። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ የሚገኝ የአካባቢው ተማሪ ከኮቪድ 19 ወረርሽኝ ወዲህ ሳይቆራረጥ የተማረባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ዝግጅቱ ያመለጠውን መሠረታዊ ትምህርት ከማካካስ መጀመር ይኖርበታል።

ዝግጅት በሌለበት ክፍተቱን የሚሞላው ስደት ነው። ከራያ፣ ከወሎና ከትግራይ በርካታ ወጣቶች በጅቡቲ በኩል ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻግረው፣ በየመን አቋርጠው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመግባት ይሞክራሉ። በኅዳር 2006 ዓ.ም ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማስወጣት ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህም ጉዞው አልቆመም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም ከ150 በላይ መንገደኞችን የያዘች ጀልባ በየመን አብያን ግዛት የባሕር ዳርቻ ሰጥማ ከ60 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተረጋግጧል። ከመንገደኞቹም አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በወንጀሉ ተሳታፊዎች ላይ ከባድ ቅጣት ይደነግጋል። ነገር ግን ደላላው ገበያ የሚያገኘው ወጣቱ ሌላ አማራጭ በማያይበት ቦታ በመሆኑ ቅጣት ብቻውን በቂ አይሆንም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ መከላከሉ የሚጀምረው ተማሪው ገና በክፍል ውስጥ ሳለ ነው።

በዚህ ረገድ ልዩ ትኩረት የሚሻው ከፈተና እስከ ውጤት ያለው ጊዜ ነው። ፈተናው በሰኔና በሐምሌ ተሰጥቶ ውጤቱ በጳጉሜን ወይም በመስከረም ይገለጻል። የዩኒቨርሲቲ፣ የማካካሻ ፕሮግራምና የቴክኒክና ሙያ ምደባና ምዝገባ ደግሞ ቀጣዮቹን ወራት ይወስዳል። በእነዚህ ወራት ወጣቱ የትምህርት ቤቱ ተማሪ መሆኑ ያበቃል፤ ወደ ሌላ ተቋምም አልገባም። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ከስም ዝርዝሩ ያወጣዋል፤ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱም ገና አልመዘገበውም። በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ የማይገኝበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው። ከእኩዮቹ ጋር ተማክሮ ለጉዞ የሚነሳውም፣ ውጤቱን ሰምቶ ተስፋ የሚቆርጠውም በዚሁ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት ከፍተኛ በጀት አያስፈልግም። ትምህርት ቤቱ የተፈታኞቹን ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የስልክ ቁጥርና የሙያ ፍላጎት የያዘ መዝገብ ከፈተናው በፊት አዘጋጅቶ ለወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ቢያስረክብ አንድ ትልቅ እርምጃ ይሆናል። በክረምቱ ወራት አጫጭር ሥልጠናዎችና የበጎ ፈቃድ አገልግሎት መርሐ ግብሮች ለእነዚህ ወጣቶች ቅድሚያ ቢሰጡ፣ ውጤቱ ሲገለጽም የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ በትምህርት ቤቱ ቢገኝ፣ ወጣቱ ከአንዱ ተቋም እጅ ወደ ሌላው ያለ ክፍተት ይሸጋገራል።

ዝግጅቱ በአንድ ወቅት የሚሠራ ዘመቻ ሳይሆን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በየደረጃው የሚከናወን መሆን ይኖርበታል። 9ኛ ክፍል ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥበት መነሻ በመሆኑ፣ ዋናው ሥራ የቋንቋና የሂሳብ ክፍተትን መለየትና በማጠናከሪያ ትምህርት መሙላት ነው። ጽሑፉን አንብቦ የማይረዳ ተማሪ በፊዚክስም ሆነ በታሪክ ጥሩ ውጤት ሊያመጣ አይችልም። በሥራ ላይም የመድኃኒት መለያን ወይም የማሽን መመሪያን አንብቦ መረዳት ይቸገራል።

በ10ኛ ክፍል ተማሪው የሙያ ዓይነቶችን በዓይኑ እንዲያይ ማድረግ ተገቢ ነው። የግብርና ልማት ጣቢያ፣ የጤና ጣቢያ፣ ጋራዥ፣ የብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበርና የባንክ ቅርንጫፍ በዋጃም ሆነ በቆቦ አቅራቢያ የሚገኙ ናቸው። የግማሽ ቀን ጉብኝት ከረጅም ንግግር የተሻለ ያስረዳል። ተማሪው በ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ሲመርጥም በጓደኛ ግፊት ሳይሆን በዕውቀት ላይ ተመሥርቶ እንዲወስን ይረዳዋል።

11ኛ ክፍል የተግባር ልምምድ የሚጀመርበት ቢሆን ይመረጣል። የኮምፒውተር አጠቃቀምም በዚህ ደረጃ ሊጠናከር ይገባል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት በመጀመሩ፣ መዳፊት ይዞ የማያውቅ የገጠር ተማሪ ዕውቀቱ ባያንስም በአጠቃቀም ይዘገያል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ይፋ የተደረገው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ በፕሮግራሚንግ፣ በዳታ ሳይንስና በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ሥልጠና በነጻ የሚሰጥ ነው። ሆኖም የኢንተርኔት አገልግሎት፣ ኤሌክትሪክና ኮምፒውተር በአንድ ቦታ ካልተገኙ ለቆላው ተማሪ አይደርስም። በትምህርት ቤት ወይም በወጣት ማዕከል አንድ ክፍል ለዚሁ ማዘጋጀት የወረዳ አመራሩ ድርሻ ይሆናል።

በ12ኛ ክፍል ደግሞ ለፈተና ከሚደረገው ዝግጅት ጎን ለጎን እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ዕቅድ እንዲኖረው ያስፈልጋል። አንደኛው ቢያልፍ የሚማረው፣ ሁለተኛው ነጥቡ ባይመጣለት የሚከተለው ነው። ሁለተኛውን ዕቅድ ማውጣት ለውድቀት መዘጋጀት ተደርጎ መታየት የለበትም። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የባንክ ሒሳብም ተማሪው ከትምህርት ቤት ሳይወጣ ሊሟሉ የሚችሉ ናቸው። ማስረጃ ያልያዘ ወጣት ለብድርም፣ ለሥልጠናም፣ ለሕጋዊ ሥራም ሲቀርብ ለወራት ይጉላላል።

የአካባቢው ኢኮኖሚ የሚፈልገውን ሙያ ለይቶ ማወቅ ሌላው ቁልፍ ጉዳይ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ባለፉት ዓመታት በጥልቅ ጉድጓዶች ላይ የተመሠረተ መስኖ ሲያስፋፋ ቆይቷል። ጉድጓድ፣ ፓምፕ፣ ትራንስፎርመርና የውኃ መሥመር ባለበት ሁሉ የሚጠግንና የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ያስፈልጋል። ፓምፕ ተበላሽቶ ጠጋኝ ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ በሚያልፉት ቀናት ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ይደርቃል። የኤሌክትሪክና የፓምፕ ጥገና የተማረ የአካባቢው ወጣት ግን ችግሩን በሰዓታት ውስጥ ይፈታል፤ ለራሱም ቋሚ ገቢ ያገኛል።

ከዚህም ሌላ የችግኝ ማፍያ፣ የሽንኩርት ዘር ብዜት፣ የጸረ ተባይ ኬሚካል ጥንቃቄ ያለው ርጭት፣ የንብ ማነብ፣ የዶሮ እርባታና የከብት ማድለብ ሥራዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ባጠናቀቁ ወጣቶች ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። የመስኖ አምራቾች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ምርት በአንድ ሳምንት ለገበያ በማቅረባቸው ዋጋ ይወድቅባቸዋል። የገበያ መረጃ የሚያሰባስብ፣ ምርት የሚያከማችና የሚያጓጉዝ የወጣቶች ማኅበር ቢኖር ለገበሬውም ለወጣቱም ይጠቅማል። በሲሪንካ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ለቆላማ አካባቢዎች በማሽላና በሌሎች ሰብሎች ላይ የሚያካሂደው ምርምርም ከትምህርት ቤቶች ጋር ሊተሳሰር የሚችል ሀብት ነው።

የመደበኛ ሥልጠና ዕድሎችም ከአካባቢው የራቁ አይደሉም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ2004 ዓ.ም ሲሆን፣ ከዋናው ግቢ ሌላ በመርሳ የግብርና ትምህርት ይሰጣል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ደግሞ በደረጃ የተዋቀረ ነው። ሠልጣኙ የሚመዘነው በሙያ ደረጃ ተዘጋጅቶ ሥራውን መሥራት በመቻሉ ሲሆን፣ በብቃት ምዘና ካለፈ የብቃት ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። በአገሪቱ የተቀመጠው አቅጣጫ የሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን፣ የተግባሩም ክፍል ከኢንተርፕራይዞች ጋር በሚደረግ የትብብር ሥልጠና እንዲከናወን ነው።

የትብብር ሥልጠና ከሁሉ በላይ የጎለበተው በጀርመን ነው። በዚያ አገር በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው የሙያ ሥልጠና ሕግ አሠሪውንና ሠልጣኙን በውል ያስተሳስራል፤ ሠልጣኙም እየተማረ ክፍያ ያገኛል። ደቡብ ኮሪያም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ማይስተር» የተሰኙ የሙያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ከኢንዱስትሪዎች ጋር አስተሳስራ ከፍታለች። ከሁለቱም አገሮች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። አሠሪው ከሥልጠናው መጀመሪያ ጀምሮ ካልተሳተፈ፣ ሥልጠናው ሲያበቃ ሠልጣኙን ይቀጥራል ብሎ መጠበቅ ያዳግታል። ትላልቅ ፋብሪካ በሌለበት የራያ ቆላ አሠሪው ጋራዡ፣ የመስኖ ማኅበሩ፣ የእህል ነጋዴውና የግንባታ ተቋራጩ ነው። የትብብር ስምምነቱም ከእነዚሁ ጋር ሊደረግ ይገባል።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለወሎ ወጣቶች የሥራ ዕድል ምንጭ ይሆናል ተብሎ ታምኖበት ነበር። ይሁን እንጂ ጦርነቱና ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ጀምሮ ከአጎዋ የንግድ ዕድል መታገዷ ዘርፉን ጎድተውታል። ይህም ወጣቱን ለአንድ ፋብሪካ ወይም ለአንድ ሥራ ብቻ ማዘጋጀት አስተማማኝ እንደማይሆን፣ ይልቁንም በየትኛውም ቦታ የሚያገለግል ክህሎት ማስያዝ እንደሚሻል ያመለክታል።

ሥራ ለመፍጠር የሚያስበው ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳው የመነሻ ካፒታል ጥያቄን ነው። መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ማቋቋሙ ይታወቃል። ፈንዱ ተዘዋዋሪ የተባለው የተመለሰው ብድር ለቀጣዩ ወጣት እንዲተላለፍ ታስቦ ነው። ብድሩ ካልተመለሰ ግን ዕድሉ የሚዘጋው በተከታዩ ተመራቂ ላይ ነው። በመሆኑም ወጣቱ ገንዘቡን ከመረከቡ በፊት ወጪና ገቢ መመዝገብ፣ ትርፍን ከካፒታል መለየትና መቆጠብ እንዲለምድ ያስፈልጋል። እነዚህ በ12ኛ ክፍል ሂሳብና ኢኮኖሚክስ ውስጥ በቀላል ምሳሌ ሊሰጡ የሚችሉ ናቸው። የአንድ ጥማድ ሽንኩርት ወጪና ገቢ ማስላት ለራያ ተማሪ ከየትኛውም የመጽሐፍ ምሳሌ ይቀርበዋል።

ወደ ውጭ አገር ሄዶ መሥራት የሚፈልግ ወጣት ደግሞ ሕጋዊውን መንገድ በዝርዝር እንዲያውቅ መደረግ አለበት። ስለ ስደት አስከፊነት ብቻ ደጋግሞ መናገር ሕጋዊ አማራጭ እንዳለ ካላሳየ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ሠራተኛው የሚሄደው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳደረገችበት አገር፣ በጸደቀ የሥራ ውል ነው። የቪዛ ክፍያና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪም የአሠሪው ነው። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 የተሻሻለ ሲሆን፣ ምዝገባውም በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት አማካይነት ይከናወናል። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከከብትና ከእህል ሽያጭ ወይም ከብድር የሚገኝ በመሆኑ፣ ይህን መረጃ ከተማሪው በተጨማሪ ወላጁም ማግኘት ይኖርበታል።

የሴት ተማሪዎች ጉዳይ በተለየ ሁኔታ መታየት አለበት። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ እንደ ፌዴራሉ ሁሉ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። ይሁንና ትምህርት ሲቋረጥ ወይም የፈተና ውጤት ዝቅ ሲል ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ትዳር ወይም ወደ ዓረብ አገር የቤት ሠራተኝነት እንድትሄድ የሚወሰንባት ሴቷ ነች። በትምህርት ቤት የሴት ተማሪዎች ክበብን ማጠናከር፣ ያጠናቀቁ ሴቶች ለታናናሾቻቸው ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ ማድረግና በቴክኒክ ሙያ መስኮች ሴቶችን ማበረታታት ውጤት ሊያመጡ ከሚችሉ ተግባራት መካከል ናቸው።

ወጣቱ ወደ ሥራ ሲገባ መብትና ግዴታውን ማወቁም የዝግጅቱ አካል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ወጣት ሠራተኞች ከአደገኛ ሥራ ይጠብቃል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥም ይደነግጋል። ይህንን የማያውቅ ወጣት በግንባታም ሆነ በእርሻ ሥራ ላይ በቀላሉ ለብዝበዛ ይጋለጣል። በሌላ በኩል ሰዓት ማክበር፣ ቃልን መጠበቅና ንብረትን በአግባቡ መያዝ ከሠራተኛው የሚጠበቁ ግዴታዎች መሆናቸው አብሮ ሊሰጠው ይገባል።

እነዚህ ሁሉ ተግባራት በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ ውስጥ በተናጠል ተጽፈው ሊገኙ ይችላሉ። የጎደለው አንዱን ከሌላው የሚያገናኝና ውጤቱን የሚለካ አሠራር ነው። ትምህርት ቤት የሚመዘነው ስንት ተማሪ አሳለፈ በሚል ብቻ ከሆነ፣ ላላለፉት ተማሪዎች የሚተርፍ ጊዜም ሆነ ሐሳብ አይኖረውም። በአንጻሩ ከተመረቁ ከአንድ ዓመት በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ የት እንደደረሰ፣ ማለትም ስንቱ በትምህርት፣ ስንቱ በሥልጠና፣ ስንቱ በሥራ ላይ እንዳለና ስንቱ ቀዬውን እንደለቀቀ የሚገልጽ ሪፖርት ቢጠየቅ የትኩረቱ አቅጣጫ ይለወጣል። በአንድ ወረዳ የሚገኙ ተፈታኞች በስም ሊታወቁ የሚችሉ በመሆናቸው ይህን መረጃ መያዝ ከአቅም በላይ አይሆንም።

በአጠቃላይ የራያ ቆላ ለም መሬት፣ ውኃ፣ ገበያና አስፋልት መንገድ ያለው አካባቢ ነው። በየዓመቱ 12ኛ ክፍልን የሚያጠናቅቁት ወጣቶቹም 12 ዓመት ያህል የሕዝብ ሀብት የፈሰሰባቸው ናቸው። ይህ ሀብት በአንድ የፈተና ውጤት ምክንያት እንዳይባክን፣ ከ9ኛ ክፍል የሚጀምር ዝግጅት፣ በክረምቱ ወራት የማይቋረጥ ክትትልና ከአካባቢው ሥራ ጋር የተሳሰረ ሥልጠና ያስፈልጋል። በየደረጃው ያሉ ኃላፊዎችና ባለሙያዎችም ከቀጣዩ ፈተና በፊት የተፈታኞችን መዝገብ አዘጋጅቶ ርክክቡን በማከናወን ሥራውን ሊጀምሩ ይገባል።